ቦራን አደራ እንዳታርዱት

ሐይቅ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለአንድ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ክረምት ስንገባ እናንተ በጋ ትገባላችሁ ብለህ ጽፈህ ነበርና ብርዱን አልጠይቅህም። እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና ጤናዬ ደህና ነው። እጄ ብቻ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ በሎሚም ባሸው፣ በአመድም ባሸው አይለቅም። ዘንድሮ ዝናቡ አልሳሳም፤ ሐይቁ ሞልቶ መንገዱ ዳር ሊደርስ ምንም አልቀረው። እህሉም ደህና ይዟል ይላሉ ከአምባሰል የሚወርዱ ሰዎች። ሰላምታው ይኸውልህ። ከዚህ በታች ሌላ ሰላምታ የለምና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ያለፉት አራት ደብዳቤዎች «እናትህ» ተብለው የተፈረሙ ናቸው። ጽሕፈቱ የኔ መሆኑን ታውቃለህ። እናታችን ፊደል አልቆጠረችም፤ እሷ ስትናገር እኔ እጽፋለሁ፣ ያንተ ሲመጣ እኔ አነብላታለሁ። እነዚያን አራቱን ግን ማንም ተናግሮ አላጻፈኝም። ከራሴ አውጥቼ ነው የጻፍኋቸው።

እናታችን ሞታለች። ዛሬ አይደለም፣ ትናንትም አይደለም። ኅዳር 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በሚካኤል ማግስት ነው። ቁጠረው፤ ዓመት ከስምንት ወር ይሆናል።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። አውቃለሁ፤ ወግ አልጠፋኝም። ሰውየው ገና ከመኝታው ሳይነሳ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይሄድበታል፣ ጎረቤት ደጁን ይሞላል፣ ደረቱን እንዳይደቃ፣ ራሱን መሬት እንዳይጥል ሁለት ጎበዝ ግራና ቀኝ ቆሞ ይይዘዋል። የንስሐ አባታችን መምሬ ከበደና ጎረቤታችን ኑርሁሴን ይህንኑ አስበው ነው «ልጁ በሰው አገር ብቻውን ነው፣ ማን ይይዘዋል? ትምህርቱን ጨርሶ ሲመጣ ይነገረዋል» ብለው የመከሩት። እኔም እሺ አልሁ፤ አራት ጊዜ እናትህን ሆንሁልህ። አሁን ግን ማንም ሳይዝህ እንድትሰማው ፈለግሁ። እኔንም ያን ዕለት ማንም አልያዘኝ።

ምን ተገኘና ዛሬ ጻፍሽው ትል ይሆናል። የሰኔው ደብዳቤህ ነው ያስጻፈኝ። መስከረም ላይ ከጓደኛህ ጋር ለአሥራ አምስት ቀን እንመጣለን ብለሃል። «እማ፣ በእኔ መምጣት የተነሳ ደም እንዳይፈስ፤ ዶሮ እንኳ እንዳይታረድ። ሽሮ ይበቃናል፣ ግን ቅቤ እንዳይነካው፤ ጓደኛዬ ወተትም እንቁላልም ማርም አትቀምስም» ብለሃል። እናትህን ሆኜ መጻፍ እችላለሁ፤ እናትህን ሆኜ በር ላይ ቆሜ ልቀበልህ ግን አልችልም።

እስቲ ከመጨረሻው ደብዳቤህ በፊት የጻፍህልኝን ሁሉ በየተራው ልመልስልህ፤ ለእናትህ ነበር የጻፍኸው፣ ግን ያነበብሁት እኔ ነኝ።

አህዮቹን አትደብድቡ ብለሃል። እኛ ቀበሌ ከሰባ ሰባት የተረፈች አህያ ካለች አሳየኝ፤ እንኳን ልደበድባት እስማታለሁ።

ዓሣም ያመዋል ብለሃል። ይሆናል። ትናንት ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የስልሳ ሦስት ዓሣ ሆድ ቀደድሁ። አንዳንዱ ቢላው ሆዱ ውስጥ ከገባ በኋላም አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ምን እያለኝ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅ።

በሚያዝያው ደብዳቤህ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ አንድ ዝሆን ጻፍህ። ታጥሮ ለሰው መታያ መሆኑ እንቅልፍ ነሳኝ አልህ። ውጫሌ መጠለያውም ታጥሮ ነበር፤ እናታችን ካረፈች በኋላ፣ ለዓሣው ሥራ ወደ ሐይቅ ሳልመጣ፣ ሁለት ወር ተቀምጬበታለሁ። ፈረንጆች በመኪና ይመጣሉ፣ ፎቶግራፍ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። አንዷ እንደ ጓደኛህ ፀጉሯ ቢጫ የሆነች፣ አጥሩን ይዛ አለቀሰች። የሚያለቅስልን ሰው አገኘን ብለን ደስ አለን። ስለኛ ስንት ገጽ እንደጻፈች አልሰማሁም።

የኢምፔሪያሊስቶች ሚሳይል አውሮፓ ገብቷል፣ ዓለም በአንድ ቀን ልትጠፋ ትችላለች ያልኸውን ደግሞ ዓሣ ለሚያጸዱት ሴቶች አነበብሁላቸው። ኑርሀያት የምትባል አለች፣ አራት ልጅ በአሥር ወር ውስጥ የቀበረች። ቢላዋን አስቀምጣ «በአንድ ቀን? ሁሉም ባንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ እንዲህ ይላል አልኋት። «ያ አላህ፣ እንዲህም ያለ ሞት አለ ለካ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ረሃብ የፖለቲካ ውጤት ነው የምትለዋን መስመር ግን ጮክ ብዬ አላነበብኋትም። አንተ ሩቅ ነህ፤ እኔ ካድሬው ከተቀመጠበት አሥር እርምጃ ላይ ነው የምሠራው።

ጠይቀሃል፤ አልክድህም። «የወሎን ረሃብ በቴሌቪዥን አየሁ፤ እኛ ዘንድ ደርሷል ወይ?» ብለህ ጽፈህ ነበር። «አልደረሰም ልጄ፣ እኛ ደህና ነን» ብዬ የመለስሁልህ እኔ ነኝ። እሷ ከተቀበረች ሦስት ወር ሆኖት ነበር። እንግዲያ የኔ ጥፋት ምንድን ነው ትላለህ። ቆይ፣ እየመጣሁልህ ነው።

የግንቦት 1976ቱን ደብዳቤህን ታስታውሳለህ? እኔ ጋ አለ፤ መጠለያም ይዤው ገብቻለሁ።

ያኔ በልጉ ከሽፎ ነበር። በሬያችን ቦራ፣ በፊቱ ደብዳቤ እንደጻፍሁልህ፣ አርጅቷል፤ ግን ገና ሥጋ ነበረው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገን እሱ መሆኑን እኔም አልረሳሁም። ከኑርሁሴን በሬ ጋር ተቀናጅቶ የሁለታችንንም ቤት መሬት ያርስ ነበር፤ ደሴ የተማርኸውም በሱ ጫንቃ ነው። ነገር ግን ዝናብ ቀርቶ ሣር ከጠፋ በሬ እየቆመ ያልቃል፤ ይህን ለአምባሰል ገበሬ ማንም አያስተምረውም። ኑርሁሴን ቀድሞ የሱን አረደ። ሥጋውን ቋንጣ አደረገ፤ ከፊሉን በማሽላ ለወጠ። ከዚያ መጥቶ እናታችንን «እቴ፣ ጓደኛው ከታረደ ያንቺው ብቻውን አያርስ። ሥጋው ሳያልቅ አሳርጂው» አላት።

እሷም ተስማማች። ያው እንደምታውቀው የኛን የሚያርደው ክርስቲያን ነው፤ ከሴት እጅም የታረደ አይበላም። ስለዚህ ጋሽ ሙላት፣ ያ ከማዶ ያለው ጎረቤታችን፣ እንዲያርድልን ተለመነ። ወሩ በዓለ ሃምሳ ነበርና ጾም የለም። ቅርጫው አሥራ ሁለት መደብ እንዲሆን፣ ባለመደቦቹም በእህል እንዲከፍሉ ተነጋገሩ። ያ እህልና የኛ ድርሻ ቋንጣ እኔንና እሷን እስከ ጥር ያደርሰን ነበር፤ ቆጥረነዋል።

እሑድ ሊታረድ ቅዳሜ ከውጫሌ ገበያ ደብዳቤህ መጣ። እሑድ ጧት ጋሽ ሙላት ቢላውን ስሎ ገመዱን ይዞ ቆሟል፣ ባለመደቦቹ ግቢውን ሞልተዋል፤ እናታችን «ሰው በተሰበሰበበት የልጄን ቃል አንብቢልኝ» አለችኝ። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን የተቀበልሁት በዚያው ዓመት ነው። ሰው ፊት ቆሜ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበርና ኩራቴን አትጠይቀኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አንድ ቃል ሳልዘል አነበብሁት። ያነበብሁትን ልገልብጥልህ፦ «ቦራን አደራ እንዳታርዱት። ዕድሜውን ሙሉ አገልግሎን ሲያረጅ አንገቱን መቁረጥ አረመኔነት ነው። እንስሳም እንደ ሰው ያያል፣ ያውቃል፣ ይፈራል። ጊዜው ሲደርስ በራሱ ሞት ይሙት። እማ፣ ይህን ብቻ አድርጊልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ያችን መስመር ብዘላት ማን ያውቅብኝ ነበር? ማንም። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊደል የቆጠርሁ እኔ ብቻ ነበርሁ። እናታችን በሕይወት ሳለች ካንተ ቃል አንዲት ነጥብ ሳልዋሻት፣ ከሞተች በኋላ አንተን አራት ደብዳቤ ዋሸሁህ። ቢገለበጥ ኖሮ ዛሬ እሷ ትቀበልህ ነበር።

እናታችን ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብላ ሳመችው። ስለ ጓደኛህ የጻፍኸውን ሁለቴ አስነበበችኝ፤ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ መነኩሲት መሰለቻት። «ማርም? ማር ደግሞ በየትኛው ጾም ነው የተከለከለው? ምስኪን፣ ምን ኃጢአት ሠርታ ይሆን እንዲህ ያለ ንስሐ የሰጧት» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቀጥላ ወደ ጋሽ ሙላት ዞራ «ሙላት፣ አድክሜሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ልጄ ተምሮ ነው የሚናገረው፤ ከዚያ ሁሉ አገር አሻግሮ አንድ ነገር ለመነኝ፤ እንዴት እምቢ እለዋለሁ?» አለችው። ጋሽ ሙላት ቢላውን በጨርቅ ጠቅልሎ «መልካም፤ እንግዲያ ልጅሽ እዚያው ሆኖ ሣር ያጭድለት» ብሎ ሄደ። ባለመደቦቹም እህላቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። ሁለተኛ የሚለወጥ እህል የያዘ ሰው አላየንም።

ከዚያ በኋላ ቦራን ያቆየችው እሷ ናት። ሣር ሲጠፋ የቤታችንን ክዳን እየመዘዘች አበላችው። መጀመሪያ የጓዳውን፣ ቀጥሎ ከምድጃው በላይ ያለውን። ሐምሌ ላይ ጠብ ያለችው ዝናብ መደባችን ላይ ነው የወረደችው። እባክሽ ተይው ስላት «ልጄ ሲመጣ ቆሞ ይየው» ትለኛለች። እህል ካገኘን ቆሎዋን ከፍላ ትሰጠዋለች። አጥንቱን መቁጠር ይቻል ነበር፤ የሷንም።

መስከረም ላይ ጋሽ ሙላት ቤተሰቡን ይዞ ውጫሌ መጠለያ ወረደ፤ ኋላ ለሰፈራ ጭነው ወለጋ ወሰዱት ሲሉ ሰማሁ። አብዮቱ አሥር ዓመት የሞላበት በዓል የተከበረው በዚያ ሰሞን ነው፤ አንተም ሰልፉን በቴሌቪዥን አይቼ ኮራሁ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። አቅም ያለው ክርስቲያን ጎረቤት ሁሉ እየወረደ አለቀ። እናታችን ግን ከደጇ አልነቃነቅ አለች፤ ደብዳቤህ እዚህ ነውና የሚመጣው።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ቦራ ወደቀ። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጎኑ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ ዓይኑ ፈጧል። በራሱ ከሞተ በክት ነው፤ በክት ደግሞ ለእኛም ለነሱም አይሆንም። የሚያርድልን ወንድ ፍለጋ ወጣሁ፤ መምሬ ከበደ ካህን ናቸውና አያርዱም። ጋሽ ሙላት ቤት በሩ ታስሯል። ከሱ ቀጥሎ ያለውም ታስሯል። ሦስተኛው ቤት አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፤ ተነስቶ መቆም አልቻለም። ስመለስ ኑርሁሴን የኔን ጩኸት ሰምቶ ቢላውን ይዞ ግቢያችን ደርሷል፤ ደርሶ ግን ቆሟል። ምን ያድርግ? እሱ ካረደው የእስላም ሥጋ ነው።

እናታችንን እንዲህ አላት፦ «እቴ፣ እኔ ቢላውን ብቻ ልያዝ። ቃሉን አንቺ በዪው፣ የክስታኑን። ወላሂ ለማንም አልናገር።» እሷ የቦራን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «አይሆንም ኑርሁሴን፤ አንተም አትዋሽ፣ እኔም አልዋሽ። በዚህ ዕድሜዬ ሃይማኖቴን በልቼ የት እገባለሁ? ይልቅ ነፍሱ ሳትወጣ በራስህ ቃል እረደው። ልጆችህ ይብሉት።» ኑርሁሴን አለቀሰ። የቦራን ራስ ወደ ቂብላ ያዞረችለት እሷ ናት። እሱም ቢስሚላሂ ብሎ አረደው። ቆዳውን ሊያስቀርላት ቢለምናት እምቢ አለች።

እንግዲህ የኑርሁሴን አምስት ልጆች ቆመው ይሄዳሉ፤ ስትመጣ ታያቸዋለህ።

በማግስቱ ሚስቱ ሂንድ በጓሮ በኩል በእጇ ጠቀሰችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እሳት ልጫር እያልሁ እነሱ ቤት እሄድ ነበር። እሳት መጫር ብዙ አያቆይም፤ እኔ እቆይ ነበር። ሁለት ሳምንት እንደሆነን እናታችን አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃን አዞረችና «ተመስገን፣ ፊትሽ ሞላ፤ የምንቀቅለው ቅጠል ተስማማሽ» አለችኝ። ለእኔ ከተስማማኝ ብላ የራሷንም ቅጠል ታካፍለኝ ጀመር። እምቢ ብላት ትጠረጥራለች፤ ተቀበልኋት።

እናታችን የሞተችው እንዲህ ነው። በመጨረሻዋ ወር ሥጋ አልበላች፣ ወተት አልጠጣች፣ እንቁላል አልቀመሰች፣ ማርም አልላሰች። ጓደኛህ ብታያት ትኮራባት ነበር። ስትሞት ስምህን ጠርታለች ብዬ ላስለቅስህ እችላለሁ፤ ግን ከእንግዲህ አልዋሽህም። የማንንም ስም አልጠራችም። ውሃ አምጪልኝ አለችኝ፤ ሳመጣ አልፋለች። የቀበሯት ኑርሁሴንና እንድሪስ የሚባል ወንድሙ ናቸው። መምሬ ከበደ ብቻቸውን ፈቱላት። ማስቀደሻ አልነበረም፣ ንፍሮ አልነበረም፣ አርባዋም ሙት ዓመቷም ባዶ አለፈ።

አሁን የምጠይቅህን ስማ። ይህን ሁሉ የጻፍሁት ለዚህ ነው።

ተዝካሯ መስከረም 12 ነው። መምሬ ከበደ ቀኑን ፈቅደዋል። ድግስ ብክነት ነው የሚሉትን ካድሬዎች ለእኔ ተዋቸው። በሬ ገዝቼ ኑርሁሴን ዘንድ አስሬዋለሁ። ወጣት ነው፤ ግንባሩ ላይ እንደ ቦራ ነጭ አለበት። ገበያው ውስጥ ሌላ ሞልቶ ነበር፤ እሱን መርጬ ነው የገዛሁት። ለእስላሞቹ ጎረቤቶች ሙክት ለብቻ አለ፣ ኑርሁሴን ራሱ ያርድላቸዋል። በሬውን የምታርደው ግን አንተ ነህ። ሌላ ሰው ይረድልኝ ብትል ዛሬ ወንድ አልጠፋም፤ እኔ ግን አልጠራልህም። ራሱን ወደ ምሥራቅ ታዞራለህ፣ በስመ አብ ትላለህ፣ ታርደዋለህ። ያያል፣ ያውቃል፣ ይፈራል ብለህ የለ? ያይሃል። ካላረድህ ተዝካሩ አይወጣም፤ እናትህ እንደተራበች ትቀመጣለች፤ ይህን ደብዳቤ ደግሞ እንደ ያኔው ሰው ፊት ቆሜ አነበዋለሁ።

ጓደኛህንም ይዘሃት ና። ለእሷ ቅቤ ያልነካው ሽሮ እሠራላታለሁ፤ ከእሷ ጋር ቂም የለኝም። ቆማ ትይህ።

አምላከ ቅዱስ ሚካኤል መንገድህን ያቅናልህ። በባዕድ አገር ከመቅረት ይሰውርህ፤ በሰላም ለአገርህ አፈር ያብቃህ። ወልደህ የምትስም ያድርግህ።

ሥጋው ሲከፋፈል ለእህቴ ብለህ እንዳታስቀር። እኔ ድርሻዬን ቀደም ብዬ በልቻለሁ።

እህትህ